ጣልያን አገር አሮጌ ቤት መግዛት፦ ቀብዱን ከመላክሽ በፊት

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ከጣልያን ውጭ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት የለንም፤ የጣልያን የመኖሪያ ፈቃድም የለንም። ባለፈው በጋ ለሽርሽር ሄደን አብሩዞ ውስጥ፣ አንድ ተራራማ መንደር ላይ፣ 90 ካሬ ሜትር የሆነ የድንጋይ ቤት አየን። ዋጋው 28 ሺህ ዩሮ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱት ነው። አንደኛው የሚኖረው አርጀንቲና ነው። ከጀርባው ዘግይቶ የተቀጠለ ወጥ ቤት አለው። ደላላው “ሌላ ገዢ አለ” እያለ እስከ አርብ ወረቀት ፈርመን 5 ሺህ ዩሮ ቀብድ እንድንልክ እየወተወተን ነው። ቤቱን በ40 ሺህ ዩሮ የሚያድስ ኮንትራክተርም አውቃለሁ ብሎናል። ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል፤ ከእድሳቱ ወጪ ግማሹን ደግሞ መንግሥት ይመልስላችኋል ይላል። ሐሳባችን በጋውን ልንኖርበት፣ በቀረው ጊዜ ለቱሪስት ልናከራየው፣ ጡረታ ስንወጣ ጠቅልለን ልንገባበት ነው። ጣልያንኛ አንችልም። ባለቤቴ ልቡ እዚያው ቀርቷል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። እንደ እህት ምከሪኝ።

መልስ

ውድ እህቴ፣

እስከ አርብ ምንም አትፈርሙ፣ ምንም ገንዘብም አትላኩ። ሌላውን ረጋ ብለን እናውራው።

ቤቱ አይገዛም እያልኩሽ አይደለም። በ28 ሺህ ዩሮ አብሩዞ ውስጥ የድንጋይ ቤት መገኘቱ እውነት ነው። የጣልያን ተራራማ መንደሮች ወጣቶቻቸው ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር ስለፈለሱ ባዶ ቤት ሞልቷቸዋል። ሲሲሊ ውስጥ ያለችው ሳሌሚ በ1968ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዱ ቤቶቿን በ1 ዩሮ እሰጣለሁ ያለችው በ2008 ነው። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ ወዲህ ብዙ መንደሮች ተከትለዋታል። ግን በ1 ዩሮ የሚሸጠውም ቤት ግዴታ አለበት። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዓመት ውስጥ አድሶ እንዲጨርስ ይፈርማል። ለዚህም በብዙ ቦታ 5 ሺህ ዩሮ አካባቢ መያዣ ያስቀምጣል። የእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። ያም ሆኖ እንዲህ ባለ ቤት ላይ የመግዣው ዋጋ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ ግን ዋጋው አይደለም። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ከእናንተ ወገን የቆመ አንድም ሰው የለም። ደላላው ገንዘብ የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ኮንትራክተሩን ያመጣው ደላላው ነው። የምትፈርሙትን ወረቀት ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ምን እንደሚል የሚተረጉምላችሁም እሱ ነው። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል። ግን “ይህን ቤት ተዉት” ብሎ የሚያተርፍ ሰው ከመካከላቸው የለም። በባዕድ አገር ቤት የሚገዛ ሰው በለየለት ሌባ ከሚጎዳው ይልቅ በዚህ የሚጎዳው ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪያችሁ ቀብድ አይሁን። ለእናንተ ብቻ ለሚሠራ ሰው የምትከፍሉት ይሁን።

ያ ሰው ጣልያን ውስጥ ጄኦሜትራ ይባላል። ቤት ይለካል፣ የማዘጋጃ ቤቱን ፋይል ይመረምራል፣ የእድሳት ፈቃድ ያወጣል። አርክቴክት ወይም መሐንዲስም ይህን መሥራት ይችላል። ዋናው ነገር ደላላው የጠቆማችሁ ሰው አለመሆኑ ነው። ከጎረቤት ከተማ ፈልጉ። እንግሊዝኛ የሚናገር ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ የራሳችሁን አስተርጓሚ ቅጠሩ። ክፍያው ከቀብዱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ከእሱም በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ መግዛት ይፈቀድላችኋል? የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነና ጣልያን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ቤት መግዛት የሚችለው፣ ጣልያናዊም በሰውየው አገር እንዲሁ መግዛት የሚችል ከሆነ ነው። የጣልያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይህን አገር በአገር ዘርዝሮ ያወጣል። በዜግነታችሁ የተጻፈውን ተመልከቱና ውል አዋዋዩንም (ጣልያኖቹ ኖታዮ የሚሉትን) ጠይቁ። ይህን ደላላ አይመልስላችሁም። ሌላ አገር ለመግዛት የምታስቡ አንባቢዎቼም ከዚሁ ጀምሩ። ታይላንድ ለውጭ ዜጋ የመሬት ባለቤትነት አትሰጥም። ሜክሲኮ ከባሕር ዳርቻ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ የውጭ ሰው መኖሪያ ቤት እንዲይዝ የምትፈቅደው ባንክ በስሙ በአደራ ሲይዝለት ነው። ኬንያም በ2010ሩ ሕገ መንግሥቷ ለውጭ ዜጋ ከ99 ዓመት ሊዝ በላይ አትፈቅድም። “በአገሬው ሰው ስም አስይዙት” የሚል ምክር ከመጣ፣ ያኔውኑ ተነሥቶ መሄድ ነው።

አሁን ወደዚያ ወረቀት። አርብ ፈርሙ የተባላችሁት “ፕሮፖስታ ዳኩዊስቶ” የሚሉት የግዢ ማመልከቻ ይመስለኛል። ስሙ ማመልከቻ ይሁን እንጂ እንደ ቀላል አትዩት። እናንተ ፈርማችሁ ሻጮቹ ከተቀበሉትና ይህንኑ ካሳወቋችሁ ውል ይሆናል። ቀብዱ “ካፓራ ኮንፊርማቶሪያ” ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ፣ እናንተ ውሉን ብታፈርሱ ገንዘቡ ይቀራል፤ ሻጮቹ ካፈረሱ እጥፉን ይመልሳሉ። ደንቡ እኩል ነው። ችግሩ ገና ስለ ቤቱ ምንም ሳታውቁ መግባታችሁ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በዚህ ወረቀት ላይ ቅድመ ሁኔታ ማጻፍ ይቻላል። “የቤቱ ወረቀቶች በእኛ ባለሙያ ተመርምረው ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር ካልተስማሙ ውሉ ቀሪ ይሆናል፣ ቀብዱም ይመለሳል” የሚል ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ነገር ይለውጠዋል። የሚደብቀው የሌለው ሻጭ ይቀበለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው “ኮምፕሮሜሶ” ነው፤ ቅድመ ሽያጭ ውሉ ማለት ነው። በመጨረሻ ውል አዋዋይ ፊት የሚፈረመው የሽያጭ ሰነድ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ወራት ካሉ፣ ኮምፕሮሜሶውን በውል አዋዋዩ በኩል በሕዝብ የንብረት መዝገብ ላይ አስመዝግቡት። ገንዘብ ያስወጣል። ግን ከሻጮቹ አንዱ ዕዳ ቢኖርበት ወይም ቤቱን ለሌላ ሊሸጥ ቢሞክር የሚያስጥላችሁ እሱ ነው።

ስለ ሦስቱ ወንድማማቾች እናውራ። ሦስቱም መፈረም አለባቸው፤ ሁለቱ ተስማሙ ማለት ቤቱ ተሸጠ ማለት አይደለም። አርጀንቲና ያለው ወይ ይመጣል፣ ወይ በሕግ የተረጋገጠ ውክልና ይልካል። ያ ውክልና በእጃችሁ ሳይገባ ቀብድ መክፈል አይገባም። ሌላም ጥያቄ አለ። ወንድማማቾቹ ውርሱን በሥርዓት አስመዝግበዋል? በእንዲህ ዓይነት መንደሮች አያት ከሞተ ጀምሮ ስሙ ያልተዛወረ ቤት የተለመደ ነው። አንዱ ወንድም ሞቶ ከሆነ ልጆቹም ባለድርሻ ናቸው። ደላላው “ካታስቶ ላይ ስማቸው አለ” ሊላችሁ ይችላል። ካታስቶ በዋናነት ለግብር የሚያገለግል መዝገብ ነው፤ አብሩዞን ጨምሮ በአብዛኛው ጣልያን የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም። ባለቤትነት፣ የባንክ መያዣና እገዳ የሚታዩት በንብረት መዝገቡ ላይ ነው። ከቤቱ ጋር የእርሻ መሬት ካለ ደግሞ ጎረቤት ገበሬ ቀድሞ የመግዛት መብት ሊኖረው ይችላል። በወጉ ካልተነገረው ሽያጩ ከተመዘገበ በኋላ እስከ 1 ዓመት ድረስ ሊከስና መሬቱን ሊወስደው ይችላል።

ወጥ ቤቱ ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ጣልያን ውስጥ አንድ ቤት ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉት። አንዱ ካታስቶ ላይ ያለው ፕላን ነው። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሰጠበት ፕላን ነው። ከ2010 ወዲህ፣ የካታስቶው ፕላን ከቤቱ ጋር የሚስማማ መሆኑ በሽያጭ ሰነዱ ላይ ካልተገለጸ ሽያጩ ፈራሽ ነው። ስለዚህ ሻጮች ይህን በፍጥነት ያስተካክላሉ። ገዢው ፕላኑ ላይ ወጥ ቤቱን ያያል፣ ይረጋጋል። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ያንን ወጥ ቤት ጭራሽ አያውቀውም ይሆናል። ዋናው ቤት ከመስከረም 1 ቀን 1967 በፊት የተሠራ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ የግንባታ ፈቃድ በመላ አገሪቱ ግዴታ የሆነው በዚያ ዓመት ነው። ዘግይቶ የተቀጠለው ክፍል ግን ፈቃዱ መገኘት አለበት። ከሌለ ገዢው የሌላውን ጥፋት አብሮ ይገዛል። እድሳት ልጀምር ስትዪ ማዘጋጃ ቤቱ ፋይሉን ይከፍታል፤ ያኔ ጥያቄው ወደ አንቺ ይዞራል። ቅጣት፣ ሲብስም አፍርሱ የሚል ትእዛዝ ሊመጣ ይችላል።

በ2024 የወጣ “ሳልቫ ካዛ” የተባለ ሕግ ጥቃቅን ልዩነቶችን ሕጋዊ ማድረግን አቅልሏል። ሙሉ ክፍል መቀጠል ግን ጥቃቅን አይደለም። የሚስተካከል ከሆነም አስተካክለው፣ ወጪውን ከፍለው የሚጨርሱት ሻጮቹ ይሁኑ። ከመጨረሻው ፊርማ በፊት። “ከገዛችሁ በኋላ በቀላሉ ይስተካከላል” የሚባለውን አትቀበሉ።

“ውል አዋዋዩ ይህን ሁሉ አያይም ወይ?” ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ኖታዮ የመንግሥት ሥልጣን ያለው፣ ገለልተኛ ሰው ነው። ባለቤትነቱን ያጣራል፣ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ያያል፣ ግብሩን ይሰበስባል። ቤቱን ግን ሄዶ አያይም። ግድግዳ አይለካም። የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ የምትመርጡትም እናንተ ናችሁ፤ ደላላው “የኛ ኖታዮ አለ” ቢል አመስግናችሁ የራሳችሁን ያዙ። ጣልያንኛ ስለማትችሉ ሰነዱ በአስተርጓሚ ወይም በሁለት ቋንቋ መዘጋጀት አለበት። ይህ ከ1913ቱ የውል አዋዋዮች ሕግ ጀምሮ ያለ ግዴታ ነው፤ ማንም የሚውልላችሁ ውለታ አይደለም። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ገዢ ከፈለገ የቤቱ ዋጋ በኖታዮው ልዩ ሒሳብ ተቀምጦ፣ ሽያጩ ከተመዘገበና ሌላ ዕዳ አለመግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ለሻጭ እንዲለቀቅ መጠየቅ ይችላል። ሩቅ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ጠይቁ።

ግብሩን በአጭሩ ልንገርሽ። ከግለሰብ የተገዛ ሁለተኛ ቤት ላይ የምዝገባ ግብሩ የካታስቶ ግምቱ 9 በመቶ ነው፤ ከ1 ሺህ ዩሮ ግን አያንስም። በላዩ ላይ የኖታዮ፣ የአስተርጓሚና የደላላ ክፍያ አለ። በርካሽ ቤት ላይ ብዙ ደላሎች በመቶኛ ሳይሆን ቁርጥ ክፍያ ስለሚጠይቁ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ አስልኩ። በንግድ ምክር ቤት የተመዘገበበትን ቁጥርም ጠይቁት፤ ያልተመዘገበ ደላላ ኮሚሽን የመጠየቅ መብት የለውም። በየዓመቱ ደግሞ የቤት ግብርና የቆሻሻ ክፍያ አለ፣ ብትኖሩበትም ባትኖሩበትም።

እድሳቱ ላይ ደግሞ ጊዜ ወስደን እንነጋገር፤ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። 40 ሺህን ለ90 ካሬ ሜትር ብታካፍዪው በካሬ 444 ዩሮ ገደማ ይመጣል። ይህ ገንዘብ ደህና የተያዘ ቤት ቀለም ቀብቶ፣ ሻወር ቤቱን ለውጦ፣ ወለሉን ለማሳመር ይበቃ ይሆናል። ጣራ፣ ግድግዳ፣ ኤሌክትሪክና ቧንቧ የሚነካ ከሆነ ግን በካሬ ከ1 ሺህ ዩሮ ማለፉ የተለመደ ነው። እና 40 ሺህ ያለው ሰው ምኑን ቆጥሮ ነው? እያንዳንዱ ሥራ በመጠንና በነጠላ ዋጋ የተዘረዘረበት ዝርዝር ከሌለ፣ ያ ቁጥር ዋጋ አይባልም። ዝርዝሩን የእናንተ ጄኦሜትራ ያውጣ። ከዚያ ያንኑ ዝርዝር ለሦስት ኮንትራክተሮች ስጡ። ያኔ ማን ምን እንደዘለለ ይታያል።

አብሩዞ መሆኑን ደግሞ አትርሱ። በሚያዝያ 2009 የላኩዊላን ከተማ ያፈረሰውና 309 ሰው የገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው እዚያው ክልል ውስጥ ነው። መንደሩ በመሬት መንቀጥቀጥ አደጋ ካርታ ላይ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከ1 እስከ 4 ነው፣ 1 አደገኛው። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ከባድ የኮንክሪት ጣራ ተጭኖ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አትግዙ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በመንቀጥቀጥ ጊዜ ክፉኛ ተጎድተዋል። ቤቱ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነም ግድግዳውን ማጠናከር የእናንተ ብቻ ጉዳይ አይሆንም።

ስለ ርጥበትም ልበል። የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት ውኃ ይስባል፣ በኖራ ልስን በኩል ደግሞ ያስወጣዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይዞራል። ለሽያጭ ተብሎ በቅርቡ የተለሰነና ቀለም የተቀባ ክፍል ካያችሁ ለምን እሱ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ቀላል የሚመስል ነገር መንገዱ ነው። የጭነት መኪና እስከ በሩ ይገባል? ካልገባ እያንዳንዱ ድንጋይና ከረጢት በሰው ወይም በትንሽ ማሽን ነው የሚገባው፤ ዋጋው ይጨምራል። ለስካፎልዲንግ (ግንበኞች ለሚቆሙበት መወጣጫ) የመንገድ ቦታ መያዝም የማዘጋጃ ቤት ፈቃድና ክፍያ አለው። ነሐሴ ላይ ሥራ ይቆማል። በተለመደው የ3 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ መስመር ምድጃና ልብስ ማጠቢያ አብረው ሲበሩ ቆጣሪው ይዘላል። ከፍ ማስደረጉን ከወዲሁ አስቡት።

ግማሽ ቅድሚያ አትክፈሉ። በፍጹም። ለዕቃ መግዣና ለመጀመሪያ የሚሆን ትንሽ ድርሻ፣ ከዚያ ሥራው በደረሰበት ልክ። ደረጃውን የሚያረጋግጠው ኮንትራክተሩ ሳይሆን ሥራውን የሚቆጣጠርላችሁ ባለሙያ ይሁን፤ እሱ ሳይፈርም ገንዘብ አይለቀቅ። የመጨረሻው ክፍያ ጉድለቶች ተስተካክለው እስኪያልቁ ይቆይ። ኮንትራክተሩ የሠራተኞቹን መድን መክፈሉን የሚያሳየውን “ዱርክ” የሚባል የምስክር ወረቀት ጠይቁ። ክፍያው በባንክ፣ በደረሰኝ ይሁን። “ያለ ደረሰኝ ይቀንስላችኋል” የሚል ነገር ከመጣ፣ ቤቱ ሲሰነጠቅ የምትከሱበት ወረቀት አይኖራችሁም። ሕጉ ላይ የሥራ ጉድለት ባወቃችሁ በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ክስ ደግሞ ሥራውን ከተረከባችሁ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከባድ የመዋቅር ጉድለት ላይ ኃላፊነቱ 10 ዓመት ነው። ሩቅ ስለምትኖሩ 60 ቀኑ ሳታዩት ሊያልፍ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ እዚያው ተገኙ።

“መንግሥት ግማሹን ይመልሳል” የሚለው ግን አናዶኛል፤ ሲነገር እንደ ስጦታ ያስመስሉታልና። የእድሳት ድጋፉ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ጣልያን ውስጥ ከምትከፍሉት የገቢ ግብር ላይ በ10 ዓመት ተከፋፍሎ የሚቀነስ ነው። መጠኑም ከዓመት ዓመት ይለያያል። እዚያ የገቢ ግብር የማይከፍል ሰው የሚቀነስለት ነገር የለም። በ2020 የመጣው “ሱፐርቦነስ” 110 በመቶ ድረስ ይሰጥ ስለነበር ወሬው አሁንም ይዞራል፤ ያ ዘመን አልፏል። በጀታችሁ ውስጥ ይህን ገንዘብ ዜሮ ብላችሁ ያዙት። በተቃራኒው ላልታሰበ ወጪ ቢያንስ 20 በመቶ ጨምሩ።

ስለ መኖር ደግሞ። ጣልያን ውስጥ ቤት መግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያሰጥም። ለባለሀብት የሚሰጠው ቪዛም ቤትን እንደ ኢንቨስትመንት አይቆጥርም። ፓስፖርታችሁ ቪዛ ከጠየቀ የቤት ባለቤት ሆናችሁም ትጠየቃላችሁ፤ ከ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይም አትቆዩም። ለጡረታ የሚሆን ቪዛ አለ፤ እሱ ግን ሥራ ሳትሠሩ የሚያኖራችሁ ቋሚ ገቢ ማሳየት ይጠይቃል፣ ሥራ መሥራትም አይፈቅድም። ይህን አሁን አጣሩ። ለቱሪስት ማከራየትም ያለ መለያ ቁጥር አይቻልም። እንግዳ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ይመዘገባል። ቁልፍ የሚሰጥ፣ አንሶላ የሚቀይር፣ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። የእነሱ ክፍያ ሲወጣ ምን ይተርፋል የሚለውን ባለቤትሽ በወረቀት ላይ ያስላው።

ባለቤትሽን ደግሞ “አይሆንም” ብለሽ አትጋፈጪው። ሕልሙ ጥሩ ሕልም ነው። አብራችሁ በጥር ወይም በየካቲት ተመለሱ። ያያችሁት የበጋ ቤት ነው። በበረዶ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚያላብ፣ ሱቅና ሐኪም የት እንዳለ ያኔ ታያላችሁ። ካፌ ገብታችሁ ስለ ቤቱ ጠይቁ፤ ስለ ወጥ ቤቱ ፈቃድ መንደሩ ከደላላው የበለጠ ያውቅ ይሆናል።

ለደላላው ዛሬ አጭር ኢሜይል ጻፊለት። ቤቱን ወደነዋል። የምንፈርመው የሦስቱ ወንድሞች የውርስ ሰነድና የአርጀንቲናው ውክልና፣ የወጥ ቤቱ የግንባታ ፈቃድና የካታስቶ ፕላኑ ከደረሰን፣ የእኛም ጄኦሜትራ ካየው በኋላ ነው በዪው። ቀን አትስጪው፣ ምክንያትም አትደርድሪ። “ሌላው ገዢ ወሰደው” ካለሽ ይውሰደው፤ በእነዚያ ተራሮች ላይ የሚሸጥ የድንጋይ ቤት አይጠፋም። ሰነዶቹን ከላከልሽ ደግሞ ጻፊልኝ፣ ቀጥሎ ለጄኦሜትራው የምትሰጪውን የጥያቄ ዝርዝር አብረን እናወጣለን።